ከቀጥቃጮቹ ብዙ አትጠብቂ

ጋኔት ደሴት፣ መብራት ቤት
ሴፕቴምበር 28፣ 1973

ለእህቴ ለኢሽበል፣

ነፋሱ በርትቷል፤ እኔም ከሞላ ጎደል እንደዚያው ነኝ። ሳሌ ቀንሷል። ሐኪሙ «የብረት ፋብሪካው ሳንባህን በልቶታል፤ ንጹሕ አየር ያስፈልግሃል» ብሎኝ አልነበር? ይኸው፣ ከንጹሕ አየር በቀር ምንም የሌለበት ድንጋይ ላይ የመርከብ መብራት እየጠበቀ ተቀምጧል በይው። ደብዳቤሽን የስንቅ ጀልባዋ ከዱቄቱና ከናፍጣው ጋር አድርሳልኛለች። ናፍጣ ናፍጣ ቢሸትም ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ።

«የበረዶ ሆኪ አዳራሽ ሄጄ ምን ላደርግ ነው?» ብለሻል። ትቀመጫለሽ፤ ሌላ ሥራ የለሽም። ወንበሬ ላይ፦ ክፍል ሐ፣ ሰባተኛ ረድፍ፣ አሥራ ሁለተኛ ወንበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጨዋታ ባለበት ቀን ያ ወንበር ባዶ ሆኖ አያውቅም። ሁለት ጥርሴ በተነቀለበት ቀን እንኳ ደም እየተፋሁ ሄጃለሁ። በዱላ የሚመቷትን ጎማ ካላየሻት አትጨነቂ፤ ጠፍጣፋና ጥቁር ናት፣ ፈጣንም ናት። ሰው ሲነሣ ተነሺ፣ ሰው ሲቀመጥ ተቀመጪ። ቤተ ክርስቲያን ከዚህ የተለየ ምን ታደርጊ ነበር?

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ዋጥ አድርጊልኝ። ቀጥቃጮቹ የእኛው ከተማ ቡድን ናቸው፤ ጎበዞች ግን አይደሉም። ስማቸው ቀጥቃጮች ይባል እንጂ ካለፉት አሥራ አንድ ዓመታት ዘጠኙን ተቀጥቅጠው ነው የጨረሱት። ሊጉ ስምንት ቡድን አለው። ጸደይ ላይ ወደ ጥሎ ማለፉ የሚገቡት አራቱ ናቸው፤ ከአራቱ ውስጥ እኛ የለንበትም። ስድስተኛ ከወጣን ጥሩ ዓመት ነው። ሰባተኛ ከወጣን ደግሞ፣ ስምንተኛ አልወጣንም ማለት ነው። በዚህ መንገድ ብታስቢው ክረምቱን በሰላም ትወጪዋለሽ።

ከግራሽ የሚቀመጠውን ሰውዬ አታናግሪው። በመልክ ታውቂዋለሽ፤ ከወደቡ ማዶ ጀልባ የሚሠራው የሄክተር ልጅ ላውኪ ነው። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ክርን ለክርን ተቀምጠን አላናገርኩትም፤ አንቺን ስድስት ወር አያቅትሽም። ለምን ወንበር አልቀየርክም ነው ያልሽው? እኔ ለምን እቀይራለሁ? እሱ ይቀይር!

ወንድምሽ ማርዶ


ፖርት ካልደር
ኦክቶበር 21፣ 1973

ወንድሜ ማርዶ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ያ የሱፍ ካልሲ ደረሰህ? እኔ ድምፄ ከመጥፋቱ በቀር በጣም ደህና ነኝ። የት ጠፋ ብትለኝ፣ ክፍል ሐ ሰባተኛ ረድፍ ላይ ጥዬው መጣሁ። ሰኞ ዕለት የሁለተኛ ክፍል ልጆቼን በሹክሹክታ አስተማርኩ፤ እነሱም በሹክሹክታ ይመልሱልኝ ጀመር። ርእሰ መምህሩ በበሩ ሲያልፍ ሰው የሞተብን መስሎት ባርኔጣውን አወለቀ።

መጀመሪያ ቀን ሹራብ መሥሪያዬን ይዤ ነበር የሄድኩት። አትሳቅ፤ «ተቀመጪ» ብቻ ብለኸኝ ነው። መጀመሪያው ክፍለ ጊዜ እንዳለቀ ግማሽ እጅጌ ሠርቻለሁ። ከዚያ በረኛችን ቴሌስፎር፣ ያ ሽማግሌ፣ ጉልበቱ ሲታጠፍ እስከ እኛ ረድፍ የሚሰማው፣ ወደ አንድ ወገን ተዘርሮ ሳለ ጎማዋ ወደ ሌላው ወገን ሄደች። እግሩን ከየት እንዳመጣው አላውቅም፣ ብቻ በጫማው ጫፍ መለሳት! እኔም ተነሣሁ። ሰው ሁሉ ከመነሣቱ በፊት ነው የተነሣሁት፤ መርፌውም አብሮኝ ተነሣ።

«እመቤቴ፣ ያ መርፌ ዓይኔን ሳያወጣው አይቀርም» አለኝ ከግራዬ ያለው ሰውዬ። ቃልህን አክብሬ ዝም አልኩ። «የማርዶ እህት መሆን አለብሽ» አለ ደግሞ። «በምን አወቅክ?» አልኩት። ይኸው፣ ተናገርኩ። ይቅርታህን እለምናለሁ። ከዚያ በኋላ ዝም ማለቱ ራሱ ብልግና ሆነብኝ፤ ኮምጣጤ የተረጨበት ድንች ጥብሱንም ሲያቀርብልኝ ተቀበልኩት። ትኩስ ነበር።

ማርዶ፣ አራት ተጫውተን አራቱንም አሸነፍን! አንደኛ ነን! ኦሪን የሚባለው ቀይ ጸጉር ብቻውን ስድስት ጎል አግብቷል። ዋንጫውን ሲያመጡት የት ነው የሚያስቀምጡት? ማዘጋጃ ቤት ነው ወይስ አዳራሹ ውስጥ?

እህትህ ኢሽበል


ጋኔት ደሴት
ኖቬምበር 11፣ 1973

አንቺ ኢሽበል፣

ካልሲው ደርሶኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ዋንጫው የት እንደሚቀመጥ ለጠየቅሽው፣ ዌስትሃቨን ከተማ ነው የሚቀመጠው፤ ሁልጊዜም እዚያ ነው የሚቀመጠው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። አራት ጨዋታ! በስልሳ አራት አምስት ተከታታይ አሸንፈን ከተማው በየመስኮቱ ባንዲራ ሰቀለ፤ ገና ሲደርስ ያው ባንዲራ ለምድጃ ማቀጣጠያ ሆነ። ከገና በፊት የደረጃ ሰንጠረዡን የሚያይ ሰው ያልበሰለ ዳቦ ከምድጃ እንደሚያወጣ ነው። ተይው፤ ይብሰል።

ቴሌስፎር ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ኦሪን ደግሞ ወይ ይሰበራል፣ ወይ ትልቅ ቡድን ይወስደዋል። ይህን የምልሽ ክፉ ስለሆንኩ አይደለም። አንቺ ነገርን በልክ መውደድ አታውቂበትም፤ ኋላ ስትጎጂ ደግሞ እዚህ ሆኜ ምን ልረዳሽ እችላለሁ?

ሬዲዮዬ ሰማዩ ጥርት ሲል ብቻ ጣቢያችንን ይይዛል፤ ሰማዩ ደግሞ ጥርት አይልም። ስለዚህ እያንዳንዱን ጨዋታ ዘርዝረሽ ጻፊልኝ። ለዕውቀት ያህል ነው። ባልደረባዬ ዊልፍሬድ ስለ ሆኪ ሳወራው «ስንት ሰው ሆነው ነው አንዲት ጎማ የሚያሳድዱት?» አለኝና ወደ ሽንኩርት መላጡ ተመለሰ። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ነው የምኖረው።

ሰውዬው ሌላ ምን አለሽ? ድንቹን ማለቴ አይደለም።

ማርዶ


ፖርት ካልደር
ዲሴምበር 16፣ 1973

ወንድሜ፣

በመዘግየቴ ይቅርታ አድርግልኝ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ፤ በሽንፈት ላይ ሽንፈት መጻፍ እጄን ከበደኝ።

እንዳልከው ሆነ። ኖቬምበር መጨረሻ ላይ ኦሪን ትከሻው ተሰበረ። ከግድግዳው ጋር ሲያጋጩት ድምፁን ሰማሁት። ከዚያ ሰባት ተከታታይ ተሸነፍን። ሰባት! አሁን ስድስተኛ ነን። በመጨረሻው ጨዋታ ስምንት ለአንድ ሆነና ጨዋታው ገና ሳያልቅ ሰዉ ኮቱን እየለበሰ መውጣት ጀመረ። እኔ አልወጣሁም፤ ግን አለቀስኩ። አዎ፣ አርባ ሰባት ዓመት የሞላኝ አስተማሪ፣ ተማሪዎቼ ከላይ ረድፍ ሆነው እያዩኝ፣ ለጎማ አለቀስኩ።

ላውኪ መሐረቡን ሰጠኝ። (ስሙን መጻፌ ካስቆጣህ ተቆጣ።) «ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ ኦሪን ይመለሳል፤ ያኔ ታያቸዋለሽ» አለኝ። «ወንድሜ ስድስተኛ ጥሩ ዓመት ነው ይላል» አልኩት። «ማርዶ በሆኪ ዕውቀት ከእኔ ይበልጣል። በዕውቀት ብቻ» አለ። ምን ማለቱ ነው?

የመሸነፍ ሕመም እንዲህ መሆኑን ለምን አልነገርከኝም? ነግረኸኛል፣ አውቃለሁ። ግን ሕመሙን ብቻ ነው የነገርከኝ። ከመሸነፋችን በፊት የነበረው አንድ ወር እንዴት ያለ እንደነበር አልነገርከኝም። ጠዋት ስነሣ ልቤ ከእኔ በፊት ተነሥታ ትጠብቀኝ ነበር።

የኋላ በራችን አሁን ሳያጣብቅ ይከፈታል። ማን እንደጠገነው አትጠይቀኝ። ሌላም የምነግርህ ነገር ነበር፤ ጀልባዋ ልትነሣ ነው ስላሉኝ ይቆይ።

መልካም ገና። ኬኩን ለዊልፍሬድ አካፍለው፣ ብቻህን እንዳትጨርሰው።

ኢሽበል


ጋኔት ደሴት
ጃንዋሪ 13፣ 1974

እህቴ፣

ኬኩ ግማሹ ለዊልፍሬድ ደርሷል፤ ግማሹን ማለቴ ሩቡን።

«ሌላም የምነግርህ ነገር ነበር» ብለሽ ሰውን ድንጋይ ላይ አንጠልጥሎ መተው ምን የሚሉት ጨዋነት ነው? ማዕበል ጀልባዋን ሦስት ሳምንት ሲያግዳት፣ እኔ ሦስት ሳምንት «ሌላው ነገር ምን ይሆን?» ስል ከረምኩ። አሞሻል? ከትምህርት ቤቱ አስወጡሽ? በሩንስ ማን ጠገነው? ያ በር አባታችን ከሞተ ጀምሮ ያጣብቃል፤ እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ሞክሬ አቅቶኛል።

ስለ ሰባቱ ሽንፈት «ብዬሽ ነበር» አልልሽም። ብዬሽ ግን ነበር።

እኔም የምነግርሽ አለኝ። አለቆቼ ደብዳቤ ጽፈዋል፤ መብራቱን በራሱ የሚበራና የሚጠፋ ሊያደርጉት ነው። ጁን ላይ ሰው ከዚህ ይነሣል። ስለዚህ ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል፦ እኔ በክፍሌ፣ አንቺ በኩሽናሽ፣ ማታ ማታ የዓሣ ሾርባ፣ ኦክቶበር ላይ ደግሞ ወንበሬ ለእኔ። ክፍሌ እንዳይሻግት መስኮቱን አልፎ አልፎ ክፈቺው። ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል። ብዙ አልጠበቅኩም፤ የነበረውን ብቻ ነው የምጠብቀው።

ሰውዬው «በዕውቀት ብቻ» ማለቱ ምን እንደሆነ እሱን ራሱን ጠይቂው። ወይም ተይው፤ አትጠይቂው።

ማርዶ


ፖርት ካልደር
ፌብሩዋሪ 17፣ 1974

ማርዶ፣

ጠየቅኩት።

መጀመሪያ ጨዋታውን ልንገርህ፤ ካልነገርኩህ ሌላውን በትዕግሥት አታነበውም። ኦሪን ተመልሷል። ከአሥር ጨዋታ ሰባቱን አሸንፈናል። አምስተኛ ነን፤ ከአራተኛው በሦስት ነጥብ ብቻ አንሰን። አዳራሹ ሞልቶ ሰው መተላለፊያው ላይ ይቆማል። የፋርማሲው ሰውዬ፣ ከቀኝህ ተቀምጦ ሲተኛ የሚታወቀው፣ ሐሙስ ዕለት ነቅቶ ዳኛውን ሰደበ!

አሁን ሌላው። በሩን የጠገነው ላውኪ ነው። ከኖቬምበር ጀምሮ እሑድ እሑድ ምሳ እኛ ቤት ይበላል። ልነግርህ ፈርቼ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ያስኮረፈህን ነገር ስጠይቀው ሹካውን አስቀመጠና እንዲህ ሲል ነገረኝ፦

«ማርዶ ወዳጄ ነበር። ሮዳ በታመመችበት ጸደይ፣ የዓመቱ መጨረሻ ጨዋታ ላይ፣ ፊቱን አየሁትና ጨነቀኝ። "አይዞህ፤ ኦክቶበር ላይ ሮዳ እዚህ አጠገብህ ተቀምጣ ዳኛውን ስትሰድብ ታያታለህ" አልኩት። ኦገስት ላይ ሞተች። ኦክቶበር ላይ ሰላም ስለው አላየኝም። እውነቱን ነው። የማላውቀውን ነገር እንደማውቅ ሆኜ ተናገርኩ።»

እኔ ሰድቦህ ወይም ከድቶህ መስሎኝ ነበር፣ ማርዶ። ሚስትህ ስትታመም አይዞህ ስላለህ ነው? ተናድጄብሃለሁ፤ ደብዳቤ ላይ መናደድ ደግሞ ምንኛ ይከብዳል! ወይ በር አላጋጭ፣ ወይ ሰሃን አልጥል።

እንዲህ ከጀመርኩ ልጨርሰው። ላውኪ እንዳገባው ጠይቆኛል። አልመለስኩለትም። እምቢ ማለት ፈልጌ አይደለም። ዕድሜዬን ሁሉ «ስድስተኛ ከወጣሁ ጥሩ ነው» ብዬ ነው የኖርኩት። እናታችንን አስታመምኩ፣ የሰው ልጆች አስተማርኩ፣ ለአንተ ሾርባ ሠራሁ፤ ከዚያ በላይ አልጠበቅኩም፤ ስላልጠበቅኩም አልተጎዳሁም። አሁን እሺ ለማለት አፌን ስከፍት የአንተን ድምፅ እሰማለሁ፦ «ከአራቱ ውስጥ እኛ የለንበትም።»

መስኮትህን ከፍቼዋለሁ።

ኢሽበል


ጋኔት ደሴት
ማርች 10፣ 1974

እህቴ ኢሽበል፣

ደብዳቤሽን ይዤ ወደ ላይ፣ ወደ መብራቱ ወጣሁ፤ ዊልፍሬድ ፊቴን እንዳያይ።

ላውኪ የነገረሽ እውነት ነው፤ ግን ግማሹን ነው የሚያውቀው። ሐኪሙ ከፋሲካ በፊት ነግሮኝ ነበር፦ «በጋውን ካለፈች ትልቅ ነገር ነው» ብሎ። በግልጽ ነው የነገረኝ። እኔ ግን ሐኪሙን ትቼ ጀልባ ሠሪውን አመንኩ። ቤት ሄጄ ለሮዳ ነገርኳት። ሳቀች። «እንግዲያውስ ለኦክቶበር አዲስ ኮት ያስፈልገኛል፤ ያ አዳራሽ ብርዱ ነው የሚገድለኝ» አለችኝ። ሰማያዊ ኮት ገዛንላት። ለብሳው በጁላይ ሙቀት በረንዳ ላይ ትቀመጥ ነበር፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሲስቅባት እሷ ከሁሉ ይበልጥ ትስቃለች። ስለ ኦክቶበር እናወራለን፤ ማን በረኛ እንደሚሆን፣ ማን እንደሚሸጥ። ያንኑ ኮት ይዤ ነው ከሆስፒታል የተመለስኩት።

የተቀየምኩት ስለዋሸኝ አይደለም። ስላመንኩት ነው። ሁለተኛ እንደዚያ አላምንም አልኩ፤ ይኸው አላመንኩም።

ትናንት ይህን ለመጻፍ ተቀምጬ ግን አንድ ያላሰብኩት ነገር መጣብኝ። ያን በጋ ደስ ብሎን ነበር፣ ኢሽበል። አራት ወር። የሐኪሙን ቃል ይዘን ብንቀመጥ ኖሮ አራት ወር ሙሉ ግድግዳ እያየን እናለቅስ ነበር። እኛ ግን በረንዳ ላይ በሱፍ ኮት ስንስቅ ከረምን። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን ላውኪ ላይ እንደ ዕዳ ስቆጥርበት ኖርኩ።

ስለ ጥያቄው የምልሽ፦ ከቀጥቃጮቹ ብዙ አትጠብቂ ያልኩሽ እኔ ነኝ። ከሰው ትንሽ ጠብቂ ግን አላልኩም። ብዬም እንደሆነ ተሳስቻለሁ። ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ እጄ በርዶታል።

አራተኛው ጋ ስንት ነጥብ ቀረን?

ማርዶ


ፖርት ካልደር
ማርች 25፣ 1974

ማርዶ! ማርዶ! ማርዶ!

አራተኛ ነን!

ሰላምታው ይቅርብህ። ቅዳሜ የመጨረሻው ጨዋታ ነበር፤ ማሸነፍ ነበረብን፣ አቻ አይበቃንም። ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ሁለት ለሁለት ነን። ኦሪን ጥፋት ሠርቶ የቅጣት ሳጥን ውስጥ ተዘግቶበት በጡጫው መስተዋቱን ይደበድባል። ልክ ሲወጣ ጎማዋ እግሩ ሥር መጣችለት፤ የተላከችለትም አልመሰለኝ፣ አምልጣ የመጣች ናት። ከዚያ በኋላ ያየሁትን ልነግርህ አልችልም፤ የፋርማሲው ሰውዬ አንገቴን አቅፎ ስለነበር አላየሁም። የሰማሁት ጩኸቱን ነው። ጣሪያው ላይ ያለው አቧራ ሁሉ እላያችን ላይ ረገፈ፤ ስንወጣ ሁላችንም ዳቦ ጋጋሪ መስለን ነበር።

ደብዳቤህን አነበብኩ። ለላውኪ ላንብብለት ወይስ አላንብብለት ብዬ ሦስት ቀን አሰብኩና አነበብኩለት። ወደ ጓሮ ወጥቶ ያልተጠየቀውን እንጨት ሁሉ ፈልጦ ተመለሰ። ከዚያ «ኮቱ ሰማያዊ እንደነበር አስታውሳለሁ» አለ።

መልሴን አልሰጠሁትም፤ እሱም አይወተውተኝም። አሁን ጊዜ የለንም፣ ዌስትሃቨን አለብን! አራት ያሸነፈ ያልፋል። የዌስትሃቨን ጋዜጣ «በአራት ጨዋታ እንጨርሳቸዋለን» ብሎ ጽፏል። እኔ ግን አስቤበታለሁ፣ ማርዶ፤ አንዱን ካሸነፍን ይበቃኛል። እውነቴን ነው። አንዱን። እሺ፣ ሁለት።

ኢሽበል


ጋኔት ደሴት
ኤፕሪል 11፣ 1974

እህቴ፣

በመጀመሪያ፣ ምናልባት ስለ እኔ ከተማ ውስጥ የሚወራ ነገር ሰምተሽ ይሆናል። እውነቱን ከእኔ ስሚው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ጥርት አለ። ስድስት ጨዋታ አልፎ ሦስት ለሦስት መሆናችንን የስንቅ ጀልባዋ ሰዎች ነግረውኛል። ሰባተኛው ሲጀመር ሬዲዮውን መስኮቱ ላይ አስቀምጬ ሽቦውን ከመብራት ቤቱ አጥር ጋር አሰርኩት። ድምፁ ጎረቤት ያለ ያህል ገባ! ዊልፍሬድ ሽንኩርቱን ይዞ መጣ። «ለሽንኩርቱ ብርሃን እዚህ ይሻላል» አለ።

ጭማሪ ሰዓት ገባ። እነሱ መቱ፣ ቴሌስፎር መለሰ። እነሱ መቱ፣ ቴሌስፎር መለሰ። ዊልፍሬድ ቢላዋውን አስቀመጠና «ይሄ ሽማግሌ ስንት እጅ ነው ያለው?» አለ። «ዝም በል!» አልኩት። ከዚያ ተራኪው የቀጥቃጮቹን ስም ጠርቶ ጮኸ፤ ኦሪን ይበል ሌላ፣ እስካሁን አላውቅም፤ ከጩኸቱ በኋላ ሬዲዮው ራሱ የተንቀጠቀጠ መሰለኝ።

እግሬ የት እንደወሰደኝ አላወቅኩም። ራሴን ያገኘሁት በጉም ቀን መርከቦችን የሚያስጠነቅቀው ጥሩምባ ቤት ውስጥ ነው። ጠራራ ፀሐይ ነው፤ ባሕሩ እንደ መስተዋት ነው። ነፋሁት። ደግሜ ነፋሁት። ዊልፍሬድ ሊያቆመኝ መጣ ብዬ ሳስብ እጄን ገፍቶ እሱም ነፋ!

ስድስት የዓሣ ጀልባዎች መረባቸውን ጥለው ወደ ደሴቲቱ ተወነጨፉ። የመጀመሪያው ላይ ያለው ሽማግሌ «ማነው የሞተው?» ብሎ ጮኸ። «ማንም አልሞተም! ዌስትሃቨን ነው የሞተው!» አልኩት። ቆቡን አውልቆ ባሕር ላይ ወረወረው፤ ኋላ በመንጠቆ ሲያወጣው ሩብ ሰዓት ፈጀበት።

ጥሩምባው ሲነፋ ምክንያቱ መዝገብ ላይ ይጻፋል። «ጉም» ብዬ እንዳልጽፍ ውሸት ነው። «ቴሌስፎር» ብዬ ጻፍኩ። አለቆቼ የተግሣጽ ደብዳቤ ልከውልኛል፤ በመብራት ቤቶች ታሪክ እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶ አይታወቅም ይላል። ግድግዳው ላይ ሰቅዬዋለሁ።

ኢሽበል፣ ዋንጫውን እንወስዳለን! አሰብኩበት፤ የፍጻሜ ተጋጣሚዎቻችን ግራንድ ቤዎች ድካም አለባቸው፣ በረኛቸው ግራ እጁ ደካማ ነው፣ እኛ ደግሞ ሞቀናል። ዓመቱ የእኛ ነው! በአምስት ጨዋታ እንጨርሳቸዋለን። ምናልባት በአራት። ማዘጋጃ ቤት ነው መቀመጥ ያለበት፤ መግቢያው ላይ፣ ሕፃናት እንዲያዩት!

ማርዶ


ፖርት ካልደር
ኤፕሪል 24፣ 1974

ውድ ወንድሜ ማርዶ፣

ቁጭ በል። ዊልፍሬድም ይቀመጥ።

በአራት ጨዋታ ነው ያለቀው። እነሱ ናቸው የጨረሱን። አምስት ለአንድ፣ አራት ለሁለት፣ ሰባት ለአንድ፣ የመጨረሻው ስድስት ለዜሮ። የበረኛቸው ግራ እጅ ምንም አልሆነም። እኛ ነን ያለቅነው። ኦሪን በአንድ ትከሻ ተጫወተ፤ ቴሌስፎር ከሦስተኛው ጨዋታ በኋላ ደረጃ መውጣት አቅቶት ተሸክመውት ወጡ፤ በማግስቱ መጥቶ ደግሞ ቆመ። እንዳትናደድባቸው። ከአቅማቸው በላይ ሁለት ሳምንት ኖረዋል።

ከአራተኛው ጨዋታ ግን አንድ የምነግርህ አለኝ። በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ አምስት ለዜሮ እየተመራን ነበር፤ ዘጠኝ ደቂቃ ቀርቶታል። ዲሴምበር ላይ በስምንት ለአንድ ኮቱን ሲለብስ የነበረ ሰው ሁሉ አሁን አንድም አልተነሣም። ላውኪ አጠገቤ ወደ ፊት አጎንብሶ «ገና ዘጠኝ ደቂቃ አለ፤ አንድ ከገባ ይነቃሉ» ይላል። ከልቡ ነው የሚለው! ጎኑን አየሁት። ጆሮው በብርድ ቀልቷል።

«እሺ» አልኩት።

«ምኑን?»

«አገባሃለሁ።»

«ቆዪ፣ ቆዪ፣ ልጆቻችን ጎማዋን ይዘዋታል» አለኝ። ጎማዋን ቀሟቸው። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረና «ምን አልሽ?» አለ። ስድስተኛው ጎል የገባብን ያኔ ነው፤ ሁለታችንም አላየነውም።

ዌስትሃቨንን ስናሸንፍ ለምን እንዳልመለስኩለት ትጠይቀኛለህ። ያኔ እሺ ብዬው ቢሆን ኖሮ ደስታው ነው የተናገረው ብዬ ራሴን እጠራጠር ነበር። በአምስት ለዜሮ ግን ጭንቅላቴ በጣም ጥርት ያለ ነበር። ምን እንደምጠብቅ አውቃለሁ። ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ያንኮራፋል ይባላል፣ ቤቱ ሙጫና የእንጨት ፍቅፋቂ ይሸታል፤ ሁልጊዜም ነገ ይጠራል ይላል፣ ነገ ግን ሁልጊዜ አይጠራም። ይህን ሁሉ አስቤ ነው ደስ ያለኝ።

ሲያልቅ ቀጥቃጮቹ በረዶው መሐል ተሰብስበው ዱላቸውን ወደ እኛ አነሡ። አራት ሺህ ሰው ቆሞ አጨበጨበላቸው፤ ዋንጫ የወሰዱት ግራንድ ቤዎች እንኳ ቆመው አዩን። ከመካከላችን ያላለቀሰ የፋርማሲው ሰውዬ ብቻ ነው፤ ተኝቶ ነበር።

ሠርጉ ጁላይ ላይ ነው። አሁን ከባዱን ልንገርህ። ጁን ላይ ስትመጣ ሁሉም ነገር እንደነበረ አይሆንም። እኔ ከወደቡ ማዶ ነው የምኖረው። የእናታችን ቤት የአንተ ነው፤ መስኮቱ ክፍት ነው፣ በሩ አያጣብቅም፤ ሾርባ ግን ራስህ ትሠራለህ። ዊልፍሬድ ያስተምርህ፤ እስከ ጁን ጊዜ አለህ። ከእኔ ብዙ አትጠብቅ። እሑድ ምሳ ግን ና። ሦስት ሰሃን ነው የማቀርበው፤ ብትመጣም ባትመጣም።

እህትህ ኢሽበል


ጋኔት ደሴት
ሜይ 5፣ 1974

ለሄክተር ልጅ ለላውኪ፣

እንዴት ከረምክ ብዬ ብጀምር አሥራ ሁለት ክረምት ስለሆነ መልሱ ይረዝምብሃል። ደህና እንደሆንክ ኢሽበል ጽፋልኛለች፤ እንደምታንኮራፋም።

ቢያንስ አንድ መቶ ጊዜ ይቅርታ የምጠይቅበት አጋጣሚ ነበረኝ፤ ክርንህ ክርኔ ላይ ነበር። አልጠየቅኩም። አሁን ናፍጣ በሚሸት ወረቀት እጠይቅሃለሁ። ያን ጸደይ ያልከኝን ለሮዳ ነግሬያት ነበር። ይህን ኢሽበል አንብባልሃለች። ያላነበበችልህ፣ እኔም ለማንም ያልተናገርኩት አንድ ነገር አለ። የመጨረሻው ሳምንት ላይ ሮዳ እንዲህ አለችኝ፦ «ላውኪን እንዳትቆጣው። ከሁሉም እሱ ነው እንደምሞት ሰው ያላየኝ።» እኔ ግን ተቆጣሁህ። ለእሷም ለአንተም ነው ይቅርታው።

እህቴን በደንብ ያዛት። አትጠብቅም፣ አትጠይቅም፤ ስለዚህ ሳትጠየቅ ስጣት። ድንች መቀቀል ችያለሁ። ዓሣው ገና ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ቴሌስፎር ሠላሳ ዘጠኝ ሊሞላው ነው፤ ጉልበቱ አልቋል። ኦሪንን ትልቅ ቡድን ሊወስደው ነው ይባላል። ግማሹ ቡድን ውሉ አልታደሰም። ጋዜጣው በሚመጣው ዓመት ስምንተኛ እንደምንወጣ ጽፏል፤ እኔም ሁለት ጊዜ አስልቼ ያገኘሁት ስምንተኛ ነው። ሐኪሙን አዳምጬ ጨርሻለሁ፣ ላውኪ፤ አሁን የጀልባ ሠሪው ተራ ነው።

አንተ ምን ትላለህ? ሳታሳጥር ጻፍልኝ። ጀልባዋ ሐሙስ ትመጣለች፤ ድንጋዩ ላይ ወርጄ እጠብቃታለሁ።

ማርዶ